ለቀለም ብላችሁ ህንድ ድረስ?

በዚህ ገጽ ከአንባቢያን የሚደርሱንን የመንገድ ጥያቄዎች ደሴ የሚኖሩት ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህራችን ይመልሳሉ። በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤዎች ስለ አንድ አገር መጥተዋል።

ጥያቄ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ኮምቦልቻ የልብስ ስፌት ሱቅ ያለኝ ሴት ነኝ። አምስት ሴቶች ሆነን ዕቁብ እንጥላለን፤ ሦስታችን ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም። አምስታችንም ልጅ ሆነን የህንድ ፊልም ለማየት ቪዲዮ ቤት በር ላይ የተጋፋን ነን። አሁን ዕቁቡ ሲሞላ ወርቅ መግዛቱን ለአንድ ዙር እንተወውና ያንን ቀለም የሚረጫጩበትን በዓልና የጥንት ቤተ መቅደሶቻቸውን አይተን እንምጣ ተባብለናል። ባለቤቴ «ቀለም ለመቀባባት ህንድ ድረስ? ኖራ ልግዛልሽ?» እያለ ይስቅብኛል። እርስዎ እዚያ ተምረዋል ሲባል ሰማሁ። መቼ እንሂድ? ጾሙንስ እንዴት እናድርግ? ሴቶች ብቻችንን ብንሄድ ያሰጋል? ምን እንልበስ?

የዕቁቡ ጸሐፊ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

እታለም፣ የባለቤትሽ የኖራ ነገር አሥቆኛል። ለመሆኑ እሱ ጥምቀት ሲደርስ ውኃ ለመረጨት ስንት መንገድ ይሄዳል? ውኃው እኮ እቤቱ ቧንቧ ላይ አለ።

መጀመሪያ ቀኑን እንጨርስ። በዓሉ ሆሊ ይባላል፤ ፋልጉን በሚሉት ወራቸው ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይውላል። በ2018 ዓ.ም. የካቲት 25 ላይ ነበር። ሄዳችሁ ቢሆን ኖሮ ሦስታችሁ በዐቢይ ጾም፣ ሁለቱ በረመዳን፣ አምስት ጾመኛ ይዛችሁ ድግስ ቤት መግባት ነበር። የሚገርመው እኔም ሆሊን መጀመሪያ ያየሁት በ1999 ዓ.ም. በዚያው በየካቲት 25 ነው። ባሕረ ሐሳብ የቆጠረ ሰው ይህ አይደንቀውም፤ ንዑስ ቀመር የምንለው 19 ዓመት ነው፣ ጨረቃም በ19 ዓመቷ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ትመለሳለች። ህንዶቹ ጨረቃቸው ከፀሐይ ስትርቅባቸው በየሦስት ዓመቱ ገደማ አንድ ወር ይጨምሩላታል። ስለዚህ የ2019 ሆሊ ወደ መጋቢት 13፣ ሰኞ ይሄዳል። የሂጅራው አቆጣጠር ወር ስለማይጨምር ረመዳን በየካቲት መጨረሻ ገደማ ይወጣል። ሁለቱ ጓደኞችሽ ዒዳቸውን አክብረው ይነሣሉ ማለት ነው። እናንተ ሦስታችሁ ግን ገና ምኩራብ ላይ ናችሁ፤ አታመልጡም።

ጾሙን ካነሣን አይቀር፣ የራሴን ጉድ ልንገርሽ። ፑኔ በምትባል ከተማ ሁለተኛ ዲግሪዬን እየተማርኩ ሳለ ማቱራ አጠገብ ያደገ የክፍል ጓደኛዬ «ሆሊን እኛ አገር ካላየህ አላየህም» ብሎ ይዞኝ ሄደ። በባቡር አንድ ቀን ከነሌሊቱ ነው። ማቱራ ክሪሽና የሚሉት አምላካቸው የተወለደባት ከተማ ናት፤ ከዴልሂ ከተነሣችሁ ግን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነች ሁለት ሰዓት ተኩል ቢፈጅባችሁ ነው። የደረስነው በዋዜማው ማታ ነበር። በየመንደሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ እንጨትና የደረቀ ኩበት ተከምሯል፤ ልክ የደመራ ዋዜማ። ጨረቃዋ ስትወጣ ለኮሱት። የጓደኛዬ እናት በእሳቱ ዙሪያ እየዞሩ፣ ልጃቸው እያስተረጎመልኝ፣ ታሪኩን ነገሩኝ። አንድ ንጉሥ «ከእኔ በቀር ለማንም አትስገዱ» አለ። የገዛ ልጁ ፕራህላድ ግን ቪሽኑ የሚሉትን አምላክ አልተውም አለ። ንጉሡ ሆሊካ የምትባል እሳት የማይነካት እኅት ነበረችው፤ ልጁን ታቅፋ እሳት ውስጥ እንድትቀመጥ አዘዛት። እሷ ነደደች፣ ልጁ ወጣ። እኔ በልቤ «ይህማ የታኅሣሥ ገብርኤል ነው፣ ሠለስቱ ደቂቅ!» አልኩ። በኋላ ደሴ ገብቼ ለጎረቤቴ ለሐጂ ስነግራቸው ደግሞ «የነቢዩ ኢብራሂም ነው እንጂ» አሉኝ። ስንከራከር ቡናው በረካ ደረሰ።

በማግስቱ ጠዋት ከበር ስወጣ ሰገነት ላይ ያደፈጡ ልጆች አንድ ባልዲ ሮዝ ውኃ ለቀቁብኝ። ሰው ሁሉ ጉላል የሚሉትን የቀለም ዱቄት ይዞ ይዞራል፤ ጉንጭህን ዳበስ አድርጎ «ሆሊ ሄ!» ይልሃል፣ ያቅፍሃል፣ ያልፋል። ባንክ ሠራተኛው፣ ሪክሾ ነጂው፣ ፖሊሱ፣ ሁሉም አረንጓዴና ቀይ ስለሆነ ማን ማን እንደሆነ አይለይም። ክሪሽና ጥቁር ነበር ይላሉ፤ የፍቅረኛውን የራዳን ፊት ቅላት አይቶ ለእናቱ ቢያማርር እናቱ «እንግዲያ ሂድና የፈለግኸውን ቀለም ቀባት» አለችው፤ ጨዋታው የመጣው ከዚያ ነው። እኔም እንደምታውቁት ጠይም ሳልሆን ጥቁር ነኝ። በዚያ ቀን አንዲት አሮጊት ክሪሽና እያሉ ሁለት ጊዜ ጉንጬን ሳሙኝ።

ከዚያ እቤት ገብተን ነጭ መጠጥ በብርጭቆ ቀረበ። ለውዝ ይሸታል፣ እንስላል መሰል ነገር አለው፣ ይቀዘቅዛል። «የጾም ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። እናትየው በጣም ተቆጡ፤ «በእኛ ቤት ሥጋ ገብቶ አያውቅም! እንቁላልም!» አሉኝ። እኔም አምኜ ሁለት ብርጭቆ ጨለጥኩ። ታንዳይ ይባላል። አንደኛ፣ ወተት ነው። ሁለተኛ፣ በሆሊ ቀን ባንግ ይጨመርበታል፤ ባንግ ማለት የጋንጃ ቅጠል ተፈጭቶ ነው፣ በዚያ አገር ለበዓል መጠጣቱ ነውር የለውም። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አንድ ግድግዳ ላይ ያለች እንሽላሊት እያየሁ ስስቅ እንደዋልኩ ነገሩኝ። አገሬ ገብቼ ለንስሐ አባቴ ስናዘዝ ረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ጣፈጠህ?» አሉኝ።

ስለዚህ ይህን ያዙ፤ ህንድ ሥጋ የለበትም ሲልሽ ቅቤ የለበትም ማለቱ አይደለም። ወተትና ቅቤ ለእነሱ እንዲያውም ቅዱስ ነገር ነው። ጉጂያ የሚሉት የበዓሉ ጣፋጭ ውስጡ ወተት ነው፤ ፓኒር የሚሉትም አይብ ነው። «ዱድ ናሂን፣ ጊ ናሂን» በሉ፤ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም ማለት ነው። በዘይት የተሠራ የምስርና የሽምብራ ወጥ፣ ሮቲ የሚሉት ቂጣ፣ ድንች፣ ፍራፍሬ ሞልቷል፤ አትራቡም። ለሙስሊሞቹ ጓደኞችሽ የሐላል ሥጋ ጭንቀት ማቱራና አጠገቧ ባለችው በቭሪንዳቫን ከተማ የለም፣ በቤተ መቅደሶቹ አካባቢ ሥጋ ራሱ የለምና። ነጩን መጠጥ ግን አምስታችሁም ከማታውቁት ሰው እጅ አትቀበሉ።

አሁን የሴትነቱን ጉዳይ ሳላለሳልስ ልንገርሽ። ሆሊ ደስ የሚል በዓል ነው፤ ግን «አትቀየሚን፣ ሆሊ ነው» የሚል አባባል አላቸውና በዚያ ተከልሎ እጁን የሚያባልግ ወንድ ይኖራል። የሰከረም አለ። ቭሪንዳቫን ባንኬ ቢሃሪ ቤተ መቅደስ የሚያስገባው መንገድ ከሰኞ ገበያ መተላለፊያ አይሰፋም፤ በዚያን ሰሞን የሚገባው ሰው ግን የሰኞ ገበያን ሰው ሁሉ አሥር እጥፍ ያክላል። እዚያ ግፊያ ውስጥ ሴት ልጄን አልልክም። ሰገነት ላይ ሆናችሁ እዩ፤ ብዙ ቤትና ማረፊያ ጣሪያውን ለእንግዳ ይከፍታል፣ ዱቄቱ እንደሆነ እዚያም ይደርሳችኋል። የአካባቢ አስጎብኚ፣ ቢቻል ሴት፣ ያዙ። ጠዋት ውጡ፣ እኩለ ቀን ላይ ግቡ፤ ከቀትር በኋላ ቀለሙ አልቆ ሰካራሙ ነው የሚቀረው።

ባርሳና የምትባለው የራዳ መንደር ግን የእናንተ ናት። ከዋናው ቀን አንድ ሳምንት ያህል ቀድማ ታከብራለች። ከናንድጋኦን፣ ማለትም ከክሪሽና መንደር፣ ወንዶቹ ጋሻ ይዘው ይመጣሉ፤ የባርሳና ሴቶች ረጃጅም ዱላ ይዘው ይጠብቋቸዋል። ከዚያ ዱላ ነው! ወንዱ ተንበርክኮ ጋሻውን ራሱ ላይ ደፍቶ መቀበል እንጂ መመለስ አይችልም። የቆቦን ሶለልና የላስታን አሸንድዬ ለለመደች የወሎ ሴት፣ ሴቶቹ የሚገዙበት ቀን እንግዳ አይሆንባትም፤ ዱላው ግን ይጨምርበታል። ለባለቤትሽ ይህን አታንብቢለት።

ስለ ልብስ፣ አሮጌ ነጭ ጥጥ፣ እጀ ሙሉ፣ ሱሪ ከሥሩ። ጥበብ ያለበትን ቀሚስ ይዘሽ እንዳትሄጂ፤ ቀለሙ አይለቅም፤ አንዳንዱ ከአበባ ይሠራል፣ ብዙው ግን የፋብሪካ ኬሚካል ነው። ፀጉራቸውን የኮኮናት ዘይት ቀብተው ነው የሚወጡት፣ ቀለሙ እንዳይገባ። ለእናንተ ይህን ማስተማር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው፤ ሹሩባ ተሠርታችሁ ለጋ ቅቤ ጣል አድርጉበት። ጆሮና ጥፍርም አይረሳ።

አንድ ነገር ደግሞ በዓይኔ አላየሁም፤ በእኔ ጊዜ አልነበረም። ቭሪንዳቫን ውስጥ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቤተሰብ የተዋቸው በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ይኖራሉ። ነጭ ከለበሱ ወዲያ ቀለም እንዳይነኩ ልማዱ ይከለክላቸው ነበር። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ግን እነሱም በሆሊ ሰሞን ተሰብስበው ጉላልና የአበባ ቅጠል ይረጫጫሉ። ፎቶውን ሳይ እናቴ ትዝ ትለኛለች፤ አባቴ ከሞተ በኋላ ሰባት ዓመት ጥቁሯን አላወለቀችም፣ በኋላ እኅቴ ስትዳር ነው በግድ ያስወለቅናት።

ከቤተ መቅደሶቹ ቭሪንዳቫን ውስጥ ጎቪንድ ዴቭን እዩ። በ1590 እ.ኤ.አ. በቀይ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ያሠራው የሂንዱ መስፍን፣ የነገሠው ደግሞ ሙስሊሙ አክባር። መነጽር የምታደርግ ካለች ቦርሳዋ ውስጥ ትክተት። የቭሪንዳቫን ዝንጀሮዎች መነጽር ነጥቀው ግንብ ላይ ይወጡና ጭማቂ እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። የእኔን ወስዶ አንድ ማንጎ ጭማቂ ተቀበለኝ፤ መነጽሩን ግን አንዱን እግር ሰብሮ ነው የመለሰው።

ቢጫ ካርዱንም አትርሱ። ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀት ይጠይቁታል፤ ከመግባታችሁ ቢያንስ 10 ቀን ቀድማችሁ መከተብ አለባችሁ፣ አለዚያ ቀለሙን ከኳራንቲን መስኮት ነው የምታዩት።

ጥያቄ

መምህር፣ ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ህንድን አይተው የሚመጡ እንግዶች ቤተ ጊዮርጊስ ጋ ሲደርሱ «ኤሎራ ይህንኑ ይመስላል» ይሉኛል። አንዱማ ባለፈው «ከእነሱ ተምራችሁ ነው» አለኝና ተናደድኩ። እርስዎ ሁለቱንም ስላዩ እውነቱን ይንገሩኝ።

ከላሊበላ

መልስ

ልጄ፣ አትናደድ፤ ግን እንግዳው ግማሹ ልክ ነው። እኔም ኤሎራ ከሚባሉት የህንድ ፍልፍል ዋሻዎች ቁጥር 16 አፋፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል ሳይ ጉልበቴ ነው የከዳኝ። ካይላሳ የሚባል ቤተ መቅደስ ነው። እንደ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው፤ ዙሪያውን ቦይ ቆፍረው ድንጋዩን ነጠሉት፣ ከጣሪያው ጀምረው እያነጹ ወረዱ። ከላይ የሚጀምር ሰው ስህተቱን የሚለጥፍበት ነገር የለውም፤ አንድ ጊዜ ከጠረበ ጠረበ ነው። ይህን አንተ ለእንግዳህ በየቀኑ ትናገራለህ፣ እዚያም ያንኑ ሰማሁ።

የተጀመረው በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ራሽትራኩታ በሚባሉት ነገሥታት ዘመን ነው፤ በተለይ ከ756 እስከ 773 እ.ኤ.አ. ከነገሠው ከቀዳማዊ ክሪሽና ጋር ይያያዛል። ከንጉሥ ላሊበላ 400 ዓመት ይቀድማል። መጠኑንም አትፎካከረው፤ የግቢው ርዝመት ከ80 ሜትር ይበልጣል፣ የእኛ ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም 33 ሜትር ከምናምን ነው። ከሥር ዙሪያውን ዝሆኖች ተቀርጸዋል፤ ሕንፃውን በጀርባቸው የተሸከሙት ይመስላል። ግድግዳው ሁሉ ምስል ነው፤ አማልክት፣ ጦርነት፣ ሲታን የሚጠልፈው ባለ ብዙ ራሱ ራቫና።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። እነሱ ውበቱን ውጭው ላይ አፍስሰውታል፤ እኛ ደግሞ ሰው የሚቆምበትን ውስጡን ነው የፈለፈልነው፣ ለቅዳሴ፣ ለማኅሌት፣ ለዝማሜ የሚበቃ ቦታ። ካይላሳ ዛሬ ትኬት የሚቆረጥበት ቅርስ ነው፤ የአንተ ቤተ ጊዮርጊስ ግን ነገም ጠዋት ይቀደስበታል። ይህን ለእንግዳህ ንገረው፣ ሳትቆጣ።

«ተምራችሁ ነው» ለሚለው፣ ከትግራይ እስከ ላስታ ከንጉሥ ላሊበላ የቀደሙ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት እንዳሉ ጥቀስለት፤ ድንጋይ መጥረብ እዚሁ ያደገ እጅ ነው። አንዱ ከአንዱ ቀዳ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም። ይልቅ እኔን የገረመኝን ንገረው። እኛ መላእክት ሌሊት ሌሊት እየመጡ ሠሩት እንላለን። እነሱ ዘንድ ደግሞ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተጻፈ የመዳብ ጽሑፍ አለ፤ ቤተ መቅደሱን የሠራው ባለሙያ ራሱ ቆሞ አይቶት «ይህን እንዴት አድርጌ ሠራሁት?» ብሎ ተደነቀ፣ ሁለተኛ ልሥራ ብልም አልችልም አለ ይላል። ሁለቱም አገር ሥራው ከሠሪው አቅም በላይ ሆኖበታል።

ኤሎራ 34 ዋሻ አለው፤ 12ቱ የቡድሃ፣ 17ቱ የሂንዱ፣ 5ቱ የጃይን ናቸው፣ በአንድ ገደል ተደርድረው። ማክሰኞ ዝግ ነው። የምታርፈው ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር በሚርቀው በአውራንጋባድ ነው፤ ስሟን በቅርቡ ለውጠውታል። እዚህ ጋ እንግዳህን ዝም የምታሰኝበት ነገር አለልህ። ያቺን ከተማ ካድኪ ብሎ በ1610 እ.ኤ.አ. የቆረቆራት ማን ይመስልሃል? ማሊክ አምበር ይባላል፤ በልጅነቱ ከአገራችን በባርነት ተወስዶ፣ ተሸጦ ተሸጦ ህንድ የደረሰ፣ በኋላም ጦር መርቶ ሙጋል የሚባሉትን የህንድ ነገሥታት ለዓመታት ያስጨነቀ ሐበሻ ነው። ውኃ በመሬት ውስጥ ቦይ ያስገባላቸውም እሱ ነው። በ1626 እ.ኤ.አ. ሞቶ ከኤሎራ ጥቂት ኪሎ ሜትር ባለችው በኩልዳባድ ተቀብሯል። ጉልላት ያለው መካነ መቃብሩ ፊት ስቆም የአማርኛ ሰላምታ ነው ከአፌ የወጣው፤ ማንም አልሰማኝም።

የኮምቦልቻዋ እኅቴም ይህን ካነበብሽ፣ ኩልዳባድ ለሙስሊሞቹ ጓደኞችሽ ትሆናለች። የሱፊ ሸኾች መቃብር ሞልቷታል፤ ታላቁ የሙጋል ንጉሥ አውራንግዜብ እንኳ የተቀበረው እዚያው በሼኹ ደጅ፣ ጣሪያ በሌለው ተራ መቃብር ነው። ዴልሂ ደግሞ ሐሙስ ማታ ኒዛሙዲን ደርጋ፣ ማለትም የሱፊው ሸኽ መቃብር፣ ብትደርሱ ቀዋሊ የሚሉት መንፈሳዊ ዜማ ይዘፈናል፤ ቃሉ አይገባችሁም፣ ጭብጨባው ግን ጀማ ንጉሥ መውሊድ ላይ ያላችሁ ያህል ነው።

ጥያቄ

ልጄ ለትምህርት ህንድ ሄዶ ቤተ ጣዖት ገብቶ የተነሣውን ፎቶ ላከልኝ። ግንባሩ ላይ ቀይ ነገር ተደርጎበታል። እንቅልፍ አጣሁ። ሃይማኖቱን ለውጦ ይሆን?

አባት፣ ከወረኢሉ

መልስ

ወንድሜ፣ ይተኙ። ያ ቀይ ነገር ቲካ ይባላል፤ ቄሳቸውም፣ ባለ ሱቁም፣ የሠርግ ቤት አስተናጋጁም ለእንግዳ ይቀባዋል። ልጅዎ ዝም ብሎ ግንባሩን ሰጥቷል። እኔ ራሴ አልፈልግም ባልኩ ጊዜ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ዝቅ ሳደርግ ማንም አልተቀየመኝም፤ ለአማልክቱ ቀርቦ የሚታደለውን ምግብም እንዲሁ። ልጅዎ ይህን ካላወቀ ይንገሩት። እንዲያውም እንደ ፑሪው ጃጋናት ያሉ ሂንዱ ያልሆነ ሰው ከበር የሚመለስባቸው ቤተ መቅደሶች አሉ፤ ማዱራይ ሚናክሺም ግቢውን ያሳዩሃል እንጂ ውስጠኛው መቅደስ አያስገቡህም። እኛስ ቅድስቱን አልፎ መቅደሱ ድረስ ማን ያስገባል? ስለ ፎቶው ግን እስማማለሁ፤ ሰው ጸሎት ላይ እያለ ከኋላው ቆሞ ራስን ማንሣት ግሸን ላይም አይወደድም፣ እዚያም አይወደድም።

አንድ ነገር ግን ይላኩለት፣ ወፍራም ካልሲ። በእነሱም ቤት እንደ እኛው ጫማ አውልቆ ነው የሚገባው፣ በመጋቢት ቀትር ደግሞ የግቢው ድንጋይ ምጣድ ነው። እኔ ያለ ካልሲ ገብቼ እንደ እስክስታ ወራጅ እየዘለልኩ ወጣሁ፤ ስወጣ ጫማዬም በቦታው የለም። በባዶ እግሬ ሪክሾ ስጠራ ነጂው ወደ ታች አየኝና ሳልነግረው ጫማ ተራ ወሰደኝ።